ተምረህ አልጨረስክም እንዴ? ስለ ሐኪሞች የኦንላይን ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ግማሹ ገና አርማታ በሆነ ሰፈር ውስጥ ባለች ክሊኒክ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ገቡ። መረመርኩት፣ መዘንኩት፣ 11 ኪሎ። ከዚያ የመድኃኒቱን መጠን ላረጋግጥ ስልኬን አወጣሁ። እሳቸው ጊዜ አላጠፉም። «ልጄ፣ ፌስቡክህ ይቆይህ። መጀመሪያ ይሄን ሕፃን ጨርስልኝ።»

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። «የመድኃኒት መጽሐፍ ነው እማማ።»

ትንሽ አሰቡና «ተምረህ አልጨረስክም እንዴ ታዲያ?» አሉኝ።

አልጨረስኩም። የሕፃን መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው፤ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስልኩን የሚያይ ሐኪም ሲያጋጥማችሁ «አያውቅም» ብላችሁ አትደምድሙ። «ምን እያየህ ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው። ፌስቡክ የሚያይም አይጠፋማ።

ደግሞ የታካሚዎቹ ይሻላል። እኛ ሐኪሞቹ ስለ ኦንላይን ትምህርት የምንለው ነው የሚያስቀው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ልምድ ይበቃል»

ይሄን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ አንጋፎቹ ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው፣ አልክድም። ግን በ2005 የወጣ አንድ ግምገማ 62 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ሐኪሙ ሥራ ላይ በቆየ ቁጥር ዕውቀቱም ሆነ መመሪያን መከተሉ እየወረደ ነው የተገኘው። ሰውየው ሰንፎ አይደለም። ትምህርት ቤት የተማረው እየተቀየረ ነው።

ወባን እንውሰድ። እኔ ስማር ወባ የቆላና የገጠር ነገር ነበር። በ2016 ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በሮቶ፣ በበርሜል፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። እኛ ሰፈር ደግሞ ከድሬ፣ ከአዋሽ፣ ከመተሐራ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ሞልቷል። ትኩሳት ይዞት ሲመጣ «የት ነበርክ?» ብዬ የምጠይቀው፣ «ከተማ ነበርኩ» ሲለኝም ወባን የማልተወው፣ ከተመረቅኩ በኋላ ስልኬ ላይ በተማርኩት ነው።

«ስልጠና ማለት አዳማ ነው»

የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከእኛው ቱሉ ዲምቱ ነው። ለስልጠና የሚሄዱ ባልደረቦቼ በአጠገቤ ነው የሚያልፉት። ሆቴል፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ ማታ ደግሞ ጨዋታ። እኔም ሄጃለሁ፣ ጥሬ ሥጋውንም አልረሳሁትም። የተማርኩትን ብትጠይቁኝ ግን ዝም እላለሁ።

አበሉ ቤት ውስጥ ችግር ይሸፍናልና አላጣጥለውም። ግን ትምህርት ፊት ለፊት ስለሆነ ብቻ የተሻለ ነው ማለት ልክ አይደለም። በ2008 ጃማ በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንተና 201 ጥናቶችን አይቶ፣ በኢንተርኔት የተማሩ የጤና ባለሙያዎች ምንም ካልተማሩት በጣም እንደሚሻሉ፣ በሌላ መንገድ ከተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ትንሽ እንደሆነ አሳይቷል። ቀደም ብሎ በ1999 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ ቁጭ ብሎ ገለጻ መስማት ብቻውን የሐኪሙን አሠራር እንደማይቀይር፣ ተሳትፎና ልምምድ ያለበት ግን ሊቀይር እንደሚችል ጽፏል። አዳማም ሆነ ስልክ፣ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው የሚያንቀላፋበት ከሆነ ያው ነው።

«ቪዲዮውን ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ ተምሬያለሁ»

ኑዛዜ ልናዘዝ። አንድ ጊዜ የደም ግፊት ኮርስ ወሰድኩ። ቪዲዮውን አንድ ነጥብ አምስት ፍጥነት ላይ አድርጌ፣ ሽሮዬን እየበላሁ። ፈተናው ላይ ስደርስ ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ «መልሱ ያለው?» የሚል ሰው አየሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው በፎቶ ላከው። እኔም ገለበጥኩ። 100 ከ100! ሰርተፊኬቱን አወረድኩ። በሳምንቱ አንዲት ነፍሰ ጡር ግፊቷ ጨምሮ መጣች። የትኛው መድኃኒት ለእሷ እንደማይሰጥ ኮርሱ ላይ ነበረ፣ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቀይ ሳጥን ሁሉ ትዝ ይለኛል። ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ግን ጠፋኝ። ያኔም ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ፣ ኤሲኢ ኢንሂቢተሮች የሚባሉት የግፊት መድኃኒቶች ነበሩ።

ይሄ የእኔ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ በ2006 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሮዲገርና ካርፒኬ፣ በተማሪዎች ላይ አሳይተዋል። አንድን ጽሑፍ አራት ዙር ያነበቡት ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶ ያህሉን ነው። አንዴ ብቻ አጥንተው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን የፈተኑት ግን 61 በመቶ። ወዲያው ሲጠየቁ የተሻሉት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ፤ የሚያታልለንም ይሄው ነው። ገና ሲነበብ የታወቀ ይመስላል።

ስለዚህ ከኮርሱ መጨረሻ ያለችው ፈተና ለመቆጣጠሪያ ብቻ የተቀመጠች አይደለችም። ትምህርቱ ራሱ እሷ ውስጥ ነው። መልሱን የሚልክላችሁ ጓደኛ ትምህርቱን እየወሰደባችሁ ነው። አሁን እኔ መልስ ተሳስቼ ቀይ ሲበራ ደስ ይለኛል፣ ቢያንስ ታካሚ ላይ አልተሳሳትኩም።

«ሁሉንም ከስልክ መማር ይቻላል»

ይሄ ደግሞ የወጣቶቹ ነው። አይቻልም።

ሲወለድ ያልተነፈሰ ሕፃን አስቡ። መመሪያው የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይላታል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሕፃኑ ወይ መተንፈስ ወይ በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት፣ አየር ማግኘት አለበት፣ በደቂቃ 40 ያህል ጊዜ። ይሄን ቪዲዮ አይታችሁ በቃላችሁ ትይዙታላችሁ። ማስኩ ፊቱ ላይ በደንብ ካልገጠመ ግን አየሩ በጎን ያፈተልካል፣ ደረቱ ከፍ አይልም። ያቺን መፈትለክ የሚያውቃት ጣት ነው። እኛ ክሊኒክ አዋላጇ ሲስተር አሻንጉሊት ይዛ እየመጣች ታለማምደናለች። መጀመሪያ ቀን ሦስታችንም ደረቱን ማስነሳት አቃተን። ሦስታችንም ቪዲዮውን ጨርሰን ነበር!

«ኔትወርክ ለሌለው አይሆንም»

እውነት አለው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ዳታውም ቀርፋፋ ነው። ግን ሌሊት ተረኛ ስሆን አውርጄ አስቀምጣለሁ፣ ቀን ላይ ያለ ኔትወርክ አያለሁ። የወሊድ አገልግሎት ላይ የሚያተኩረው ሴፍ ዴሊቨሪ አፕ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የተሞከረውም ሩቅ አገር አይደለም። በ2016 የታተመው ጥናት የተካሄደው እዚሁ ኢትዮጵያ ገጠር ውስጥ፣ በ73 የጤና ተቋማት ነው። አፑን ያገኙት ባለሙያዎች ሕፃን የማስተንፈስ ዕውቀታቸውና ክህሎታቸው ከሌሎቹ በግልጽ በልጧል። የሕፃናቱ ሞትም አነስ ብሎ ታይቷል፣ ግን ልዩነቱ አፑ ያመጣው ነው ለማለት የሚበቃ አልነበረም። ይሄንንም መናገር ያስፈልጋል።

«ክፍያው አይቀመስም» ለሚሉም፣ ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ከ2002 ጀምሮ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል። መሥሪያ ቤታችሁ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ።

«ሰርተፊኬት ሰርተፊኬት ነው»

አንድ ጓደኛዬ 11 የውጭ ሰርተፊኬት በከለር አሳትሞ፣ ላሚኔት አስደርጎ የሙያ ፍቃድ ሊያሳድስ ሄደ። ይዞት ተመለሰ። እዚህ የሚቆጠረው በአገሪቱ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሥርዓት ዕውቅና ያገኘ ኮርስ ነው። ከአሜሪካ ኮርስ የተገኘ የስልጠና ነጥብ በራሱ ወደ እኛ ነጥብ አይቀየርም። ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ አለቀ።

«ዳር ያለ ሐኪም ከመሃሉ እኩል አይሆንም»

በ2003 ሳንጂቭ አሮራ የሚባሉ የጉበት ሐኪም በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት አንድ ነገር ጀመሩ። የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ከማስመጣት ይልቅ፣ ዳር ያሉትን ሐኪሞች በቪዲዮ ሰብስበው በየታካሚው ላይ አብረው ይወያዩ ጀመር። ኢኮ ይባላል። በ2011 ውጤቱ ሲታተም፣ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ ዳር ካሉት ሐኪሞች ጋ ከታከሙት 58.2 በመቶ ድነዋል። ገጠር ክሊኒኮችና እስር ቤቶች ነበሩ እኮ!

እኛም ሐሙስ ማታ ማታ በዙም እንገናኛለን፣ ከተለያየ የከተማው ዳርቻ ስምንት ዘጠኝ ሆነን፣ አንዲት ስፔሻሊስት አብራን ትገባለች። ተራዬ ሲደርስ አንድ የስኳር ታካሚ አቀረብኩ፣ ስሙን ሳልጠቅስ። ግንበኛ ነው፣ ስኳሩ አልወርድ ብሏል። የላብራቶሪውን ውጤት አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፣ መድኃኒቱን ልጨምር ወይ አልኩ። ጨርሳ ከሰማችኝ በኋላ «ጫማውን አስወልቀህ አይተኸዋል?» አለችኝ።

አላየሁም ነበር።

በነጋታው ደወልኩለት፤ ከሥራ በቀጥታ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆኖ መጣ። ቡትስ ጫማውን አወለቅኩት። በቀኝ እግሩ ትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ቁስል ነበር፣ እርጥብ፣ የጥፍር ያህል። «ያምሃል?» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየና «ምኑ?» አለኝ።