ቲሲኤም ምንድን ነው? የፒካፕ ካምቢዮ ኮምፒውተር ሲበላሽና ሲቀየር

ፒካፑ በደህና እየሄደ ድንገት ማርሽ አልቀይር ይላል። ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። አጥፍታችሁ ስታስነሱት ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይሄዳል፤ ነገ እስኪደግመው ድረስ። ጋራዥ ስትወስዱት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ፍርድ «ካምቢዮው ሄዷል» የሚል ነው። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ካምቢዮው ጤነኛ ሆኖ የታመመው እሱን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር ሊሆንም ይችላል። ቲሲኤም (ትራንስሚሽን ኮንትሮል ሞጁል) የሚባለው ይሄ ኮምፒውተር ነው።

በማንዋል መኪና መቼ ማርሽ እንደሚቀየር የሚወስነው ሹፌሩ ነው፤ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሹን ያስገባል። በአውቶማቲክ ይሄን ውሳኔ የሚወስደው ቲሲኤሙ ነው። ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ የሚወጣውስ፣ ነዳጁ ምን ያህል እንደተረገጠ፣ ፍሬን ተይዞ እንደሆነ፣ ዘይቱ ምን ያህል እንደሞቀ ከየሴንሰሩ ይሰበስባል። ከዚያ ሶሌኖይድ የሚባሉትን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ ቫልቮች ያዛል። እነሱ የዘይቱን ግፊት ካምቢዮው ውስጥ ካሉት ክላቾች (ፍሪሲዮኖች) ወደሚፈለገው ይልካሉ፣ ማርሹም ይቀየራል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

ቲሲኤሙ የሚያምነው መረጃ ሲያጣ ወደ መከላከያ ይገባል። ካምቢዮው እንዳይቃጠል አንድ ማርሽ ብቻ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን፣ እና እያነከሰም ቢሆን ቤታችሁ ያደርሳችኋል። ሊምፕ ሞድ የሚሉት ይሄን ነው። ስለዚህ መኪናው አንድ ማርሽ ላይ መቅረቱ ብቻውን ኮምፒውተሩ መበላሸቱን አያሳይም። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ሊሆን ይችላል።

የት ነው ያለው? እዚህ ላይ መኪና ከመኪና በጣም ይለያያል። በአንዳንዱ ፒካፕ ኮፋኖው ስር ወይም ዳሽቦርዱ ስር ለብቻው የተቀመጠ ሳጥን ነው፤ ሁለት ሦስት ቡሎን ፈትቶ ሶኬቱን ነቅሎ ማውጣት ነው። 6ኤል80 የሚባለው ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ባለው ሼቭሮሌት ሲልቬራዶ ላይ ግን ቲሲኤሙ ካምቢዮው ውስጥ ዘይት ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሶሌኖይዶቹ ጋር አንድ አካል ነው። ባለ አምስት ማርሹ ኒሳን ፍሮንቲየርም ውስጡ ነው ያለው። በብዙ ቶዮታዎች ደግሞ የሞተሩና የካምቢዮው ኮምፒውተር አንድ ሳጥን ነው፣ ለብቻው የሚቀየር ቲሲኤም የለም። «ቲሲኤም ለመቀየር ስንት ያስከፍላል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የማይገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በጣም የሚያሳዝነኝ ሰው ሳያስመረምር ገንዘቡን ሲያፈስ ማየት ነው። መኪናው በመመርመሪያ መሣሪያ ተነቦ ፒ 0700 የሚል ኮድ ከወጣ ያ ኮድ በራሱ ምንም አይናገርም፤ «ካምቢዮው በኩል ችግር አለ፣ እዚያ ሂዳችሁ አንብቡ» የሚል ጥቆማ ብቻ ነው። ዩ 0101 ከወጣ ደግሞ ከቲሲኤሙ ጋር መነጋገር ተቋርጧል ማለት ነው። ሞቶ ሊሆን ይችላል። መብራት አጥቶም ሊሆን ይችላል፣ ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ከሻንሲው ጋር የታሰረው የኔጌቲቭ ገመድ ዝጎ፣ ወይም ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ። ባትሪውን ሳይቀር ተጠራጠሩ። የደከመ ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ በጣም ይወርድና ኮምፒውተሮቹን ያደናግራቸዋል፣ ከዚያ የካምቢዮ የሚመስሉ ኮዶች ይዘንባሉ።

ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት ካን በሚባል መስመር ነው፤ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ባትሪው ተነቅሎ የመመርመሪያው መሣሪያ በሚሰካበት ሶኬት 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ መካከል በቴስተር ሲለካ በአብዛኛው መኪና ወደ 60 ኦም ማንበብ አለበት። 120 ካነበበ አንድ ቦታ ተቋርጧል፣ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት ነው፤ «ቲሲኤም ግዛ» የሚላችሁን መካኒክ ይሄን ለክተህ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ኮምፒውተሩ የሚያምነው የተነገረውን ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2011 እስከ 2013 የተሠሩ፣ በሰሜን አሜሪካ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤፍ 150 ፒካፖችን መልሶ ጠርቶ ነበር። የፍጥነቱ ሴንሰር መልእክት ለአፍታ ሲቋረጥ መኪናው በሩጫ ላይ እያለ ወደ አንደኛ ማርሽ ይወርድ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት አንደኛ ማርሽ ማለት ጎማውን ሊያስይዝ የሚችል ነገር ነው። መፍትሔው ሶፍትዌሩን ማደስ ሆነ። ሳጥኑ አልነበረም ጥፋተኛው።

የፍሮንቲየሩ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩት ላይ የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ነው፤ ውስጡ ሲሰነጠቅ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሮዝ ነገር ይመስላል። ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን የክላቾቹን ሽፋንም ያበላሻል። ዘይቱ እንዲህ ሆኖ ሳለ ቲሲኤም ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት ዘይቱን ተመልከቱ።

በቃ ተመርምሮ ጥፋቱ ቲሲኤሙ ሆነ እንበል። ባትሪው ይነቀላል። ሳጥኑን የሚይዘው ሰው መጀመሪያ ባዶ ብረት ይነካል፣ ከእጅ የሚወጣ የማይታይ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ሊገድለው ስለሚችል። ካምቢዮው ውስጥ ያለ ከሆነ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከካምቢዮው ስር ያለው የዘይት ሳህን ይፈታል፣ ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑ በዚያው ይቀየራሉ። ሲሞላም የተባለው ዘይት ብቻ ነው የሚገባው፤ ለ6ኤል80 ዴክስሮን 6 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ ሳጥን መኪናችሁን አያውቃትም። በሻንሲ ቁጥሯ መሠረት ሶፍትዌር መጫን አለበት፣ ካልተጫነ መኪናው አይንቀሳቀስም ወይም እንደታመመ ይሄዳል። ጭነቱ እየተካሄደ ባትሪው ቢደክም ሳጥኑ ግማሽ ተጽፎ ሊቀርና ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቮልቱን አረጋግቶ የሚይዝ ቻርጀር ይታሰርለታል። ይሄን መሣሪያና ፈቃድ የሌለው ጋራዥ ዕቃውን ቢገጥምላችሁም ሥራው አላለቀም።

ያገለገለ መግዛትስ? ሶማሌ ተራም ሆነ አሜሪካ ያሉ የተፈቱ መኪናዎች መሸጫ ውስጥ ሳጥኑ ይገኛል፣ በርካሽ። ግን የፓርት ቁጥሩ አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት፤ ከተመሳሰለም በኋላ አንዳንዱ ከቀድሞው መኪና ጋር ተቆልፎ አዲስ ሻንሲ ቁጥር አይቀበልም። እኔ የምመርጠው የራሳችሁን ሳጥን ለሚጠግን ባለሙያ መስጠት ነው፣ ወይም የአሮጌውን መረጃ ወደ ሌላው የሚገለብጥ ሰው መፈለግ። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ከተቀየረ በኋላ መኪናው ለጥቂት ቀናት ማርሽ ሲቀይር ቢያንገጫግጭ አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ክላች ጠባይ እየተማረ ነው። አንዳንዱ መኪና ላይ ይሄን ትምህርት በመሣሪያ ማፋጠን ይቻላል፤ በሌላው ቀስ ብሎ፣ ሳይጫን፣ ነዳጁን በልክ እየሰጡ መንዳት ነው። እስኪረጋጋ ድረስ አሮጌውን ሳጥን አትጣሉት። ሻጩ መልሱልኝ ቢልም እንኳ መረጃው መገልበጡን ሳታረጋግጡ አትስጡ።