ሙስካዴ ጣፋጭ አይደለም፣ ሜሎንም አይሸትም

ባለፈው ሰሞን እራት ጋብዤ ሙስካዴ ከፈትኩ። አንዷ ጓደኛዬ ጠርሙሱን አየችና «ይሄ ሙስካት የሚሉት አይደል? እኔ ጣፋጭ ወይን አይሆነኝም» ብላ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች። እንደሷ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። እኔ ደግሞ ይህን የፈረንሳይ ነጭ ወይን በጣም ስለምወደው፣ ስሙ ሲጠፋ ዝም ማለት አልችልም።

«ሙስካዴና ሙስካት አንድ ናቸው»

አይደሉም። የሚመሳሰለው ስማቸው ብቻ ነው። ሙስካት የወይን ፍሬ ዝርያ ነው፤ መዓዛው ከሩቅ ያውዳል፣ ብዙ ጊዜም ጣፋጭ ወይን ይወጣዋል። ሙስካዴ ግን የመጠጡ ስም ነው። የሚጠመቀው የሎዋር ወንዝ አትላንቲክ ከመግባቱ በፊት፣ ናንት ከተማ አካባቢ ነው። ደረቅ ወይን ነው፤ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። አክሱማይት የለመደ ሰው መጀመሪያ ሲቀምሰው ፊቱን ሊያኮማትር ይችላል። ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ግን ሎሚው፣ አረንጓዴው ፖም፣ ትንሽ ጨው ጨው የሚለው ነገር ይመጣል።

«ፍሬው ሜሎን የተባለው ሜሎን ስለሚሸት ነው»

ሙስካዴ የሚጠመቅበት የወይን ፍሬ ሙሉ ስሙ ሜሎን ደ ቡርጎኝ ነው። ከምናውቀው ሜሎን ጋር በጣዕምም በመዓዛም አይገናኝም። መነሻው በምሥራቅ ፈረንሳይ ያለው ቡርጎኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1709 መጀመሪያ አውሮፓን ከባድ ብርድ መታት። ናንት አካባቢ የነበረው የወይን ተክል አብዛኛው አለቀ። ሜሎን ግን ብርድ ይችላል፤ ገበሬዎቹ እንደገና ሲተክሉ እሱን መረጡ። በኋላ በዘረመል ምርመራ ሲታይ የሻርዶኔ፣ ያ የታወቀው ነጭ የወይን ፍሬ፣ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ዝዋይ ላይ የሚለማው ሻርዶኔ ሳይቀር ዘመዱ ነው ማለት ነው።

«አተላ ላይ የተኛ ወይን ንጹሕ አይደለም»

ብዙ ጠርሙስ ላይ «ሲዩር ሊ» የሚል ጽሑፍ አለ። «አተላው ላይ» ማለት ነው። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው አተላ ሲባል ለከብት የሚደፋው ዝቃጭ ነው ትዝ የሚለው። እዚህ ግን አተላ የሚሉት ሥራውን ጨርሶ ከታች የተኛውን እርሾ ነው። ወይኑ ሳይገለበጥ የብርዱን ወራት ሁሉ ከላዩ ይቆያል። እርሾው ቀስ እያለ ይፈርሳል። ሲፈርስ ወይኑን ወፈር ያደርገዋል፣ የትኩስ ዳቦ ጠረንም ይሰጠዋል። ከአየርም ይጠብቀዋል። ከዚያ አተላው እዚያው ይቀርና ወይኑ ጥርት ብሎ በቀጥታ ጠርሙስ ይገባል። ስትቀዱት ልብ ብላችሁ እዩ፤ አንዳንዴ ጥቃቅን አረፋዎች ብርጭቆው ላይ ይለጠፋሉ፣ ምላስ ጫፍ ላይም ቆንጠጥ ያደርጋል። ያ ሲፈላ ከመጣው ጋዝ የተረፈ ነው እንጂ ወይኑ ተበላሽቶ አይደለም። መልሳችሁ እንዳትደፉት!

«ርካሽ ነው፣ አይቆይም»

ተራውን ሙስካዴ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት ይሻላል፤ እሱ ልክ ነው። ነገር ግን እንደ ክሊሶን፣ ጎርዥና ለ ፓሌ ያሉ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 የራሳቸውን ስም ይዘው ታውቀዋል። የክሊሶኑ አተላው ላይ ቢያንስ 24 ወር ይተኛል። እነዚህ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። በዋጋ ብቻ ወይን የሚለካ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

«ከኦይስተር ውጭ አይሄድም»

ኦይስተር፣ ያ ከነዛጎሉ በጥሬው የሚበላው የባሕር እንስሳ፣ እውነትም ጥሩ ጓደኛው ነው። ጨው የበዛበትን ነገር ኮምጠጥ ያለ ወይን ያቀለዋል። ግን ምክንያቱ ይሄ ከሆነ ሎሚ የሚጨመቅበት ምግብ ሁሉ ይስማማዋል። የተጠበሰ አሣ፣ ሽሪምፕ፣ ለጋ የፍየል አይብ። ጓደኛዬም ያን ማታ ከጥብስ አሣው ጋር ቀምሳ ብርጭቆዋን መልሳ አቀረበች። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አላቀርበውም፤ በርበሬው ስሱን ጣዕም ይውጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በረዶ እስኪሆን አታቀዝቅዙት፣ ጣዕሙ ይደበቃል። 10 ዲግሪ አካባቢ በቂ ነው፤ ከፍሪጅ አውጥታችሁ አንድ አሥር ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ አቆዩት።