ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንና የወሎ ሰማይ

ጆን ሮቢንሰን በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በፈቃዳቸው መጥተው ለኢትዮጵያ የበረሩ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ያደጉት ሚሲሲፒ ውስጥ ገልፍፖርት በምትባል ከተማ ሲሆን ቱስኬጊ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ተቋም የመኪና መካኒክነት ተምረዋል። ቺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት በቀለማቸው ምክንያት አልቀበልም ቢላቸው በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ትምህርቱን በጆሯቸው ይለቅሙ ነበር፤ ኋላ በተማሪነት ተመዘገቡ። ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ መንገዱን ያመቻቹት አሜሪካ የተማሩት ኢትዮጵያዊ ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን ናቸው።

ስማቸው ሁሌም ከተዋጊ አብራሪነት ጋር ይነሣል። ሥራቸው ግን በአመዛኙ መልእክት፣ ሰውና መድኃኒት ማመላለስ ነበር። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ሲያሰልፍ ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም መሣሪያ አልታጠቁም። ስለዚህ ችሎታው የሚለካው የጠላት አውሮፕላን መትቶ በመጣል ሳይሆን በማምለጥ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሸለቆ ለሸለቆ መብረር፣ ጠላት ሲታይ ደመና ውስጥ መግባት።

ንጉሠ ነገሥቱ ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ ሲገቡ የጦሩ መምሪያ ወሎ ሆነ። ከአዲስ አበባ ደሴ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለሁለት መቀመጫው ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ይህን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል፤ በእግር የሳምንታት መንገድ ነው።

የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። በ2,500 ሜትር አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ማንሣት፣ ሞተሩም መሳብ ስለሚያቅተው አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ጭነት ሳይቀነስ ከተነሣ ሜዳው ያልቅበታል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ቤንዚኑ ይበዛና ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ይጠቁራል። በጣሳ የመጣ ቤንዚን ውኃ አያጣውምና በስስ ቆዳ ሳይጠለል አይሞላም፤ ውኃው ካመለጠ ሞተሩ ገደል ላይ ይጠፋል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከቆላው የሚወጣው ሙቅ አየር በገደሉ አፋፍ ላይ አውሮፕላን ያንገላታል። ማለዳ ይሻላል፣ የደሴውን የጦሳን ተራራ ጉም ካልሸፈነው።

ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ ተደበደበች። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ተመታ፤ ጃንሆይም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኮሱ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦሩ ሲሸነፍ፣ ሚያዝያ 7 ደሴ ሲያዝ፣ ለአየር ኃይሉ የሚቀረው ነገር አልነበረም። ሮቢንሰን ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

ከነጻነት በኋላ ዳግም መጥተው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠኑ። መጋቢት 1946 ዓ.ም. ለበሽተኛ ደም ሊያደርሱ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ተከሰከሰ፤ ከቀናት በኋላም አረፉ። የተቀበሩት ጉለሌ ነው። በዚያ በረራ አብረዋቸው የነበሩት መሐንዲስ ጣሊያናዊ ነበሩ።