ሳይማሩ ነው ያረሱት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ባሕር ዳር ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምታችኋል። ሟቹ ገበሬ ከሆኑ አነባበቡ ያው ነው። የት እንደተወለዱ፣ ስንት ልጅ እንዳፈሩ ይነገራል። ልጆቹ የደረሱበት በዝርዝር ይቆጠራል፤ አንዱ ኢንጂነር፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ውጭ አገር። ዕድሜ ልካቸውን የጨበጡት እርፍ ግን በግማሽ መስመር ያልፋል፦ «በግብርና ሥራ ይተዳደሩ ነበር»። መጨረሻ ላይ «ሳይማሩ ያስተማሩን አባታችን» ይባልና ለቅሶው ይቀልጣል።

ከፍቅር የሚወጣ ቃል ነው፣ አውቃለሁ። በአያቴ ቀብርም ተብሏል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይልም። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28ን ከቁጥር 24 ጀምሮ አንብቡት። ገበሬው ሁልጊዜ ሲያርስ አይኖርም። ጓሉን ከስክሶ መሬቱን ሲያስተካክል ወደ ዘር ይሄዳል። ጥቁር አዝሙዱን፣ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ሁሉንም በየቦታው ይዘራል። ነቢዩ ቀጥሎ ይህን ብልሃት ያስተማረው አምላኩ ነው ይላል። ታዲያ እግዚአብሔር ራሱ ያስተማረውን ሰው «ሳይማር» ልንለው ነው?

አያቴ ያረሱት ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር ለሽምብራና ለጓያ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ዝናብ የለም። ዘሩ የሚያድገው አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ነው። ቀድመህ ከገባህ በሬው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ከዘገየህ መሬቱ ይሰነጣጠቅና ዘሩን ይበላዋል። አያቴ ጎንበስ ብለው አፈር ያነሱና ጭብጥ ያደርጉታል። ከዚያ መዳፋቸውን ገልጠው ያያሉ። እጃቸው ላይ ከተለጠፈ «ገና ነው» ብለው በሬዎቹን ይዘው ይመለሳሉ። የጎረቤቱ ሁሉ መዝራት አያጣድፋቸውም ነበር።

ነቢዩ ስለ አወቃቅም ይናገራል። ጥቁር አዝሙድ በተሳለ ማሄጃ አይወቃም፤ በበትር ነው የሚወቃው። ለፎገራና ለደምቢያ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ከጓሮው የሚያውቀው ነው። (ከተማ ያደግነው ጥቁር አዝሙድን የምናውቀው ዳቦ ላይ ነው።) ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ልብ በሉ። ገበሬው ለእያንዳንዱ እህል የሚችለውን ምት ያውቃል። ያንን እውቀት የሰጠው አምላክም ልጆቹን ሲገሥጽ ልኩን ያውቃል። ኢሳይያስ ይህን ለመኳንንቱ ለማስረዳት የወሰዳቸው ወደ እርሻ ነው፣ ወደ ቤተ መንግሥት አይደለም።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ደግሞ ተመልከቱ። ስለ ሙታን እንድናለቅስ የሚመክረን ያው ምዕራፍ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለ አራሹ ያወራል። ሲራክ አያቆላምጥም። እርፍ የያዘ ሰው ወሬው ሁሉ ስለ በሬ ነው፣ ጉባኤ ላይም ለምክር አይፈለግም ይላል። እውነቱን ለመናገር አያቴን የሚያውቃቸው ነው የሚመስለው! ግን ያለ እነርሱ ከተማ አይቆምም፣ ጸሎታቸውም በሥራቸው ነው ብሎ ይጨርሳል። ማለዳ አማትቦ በሬ የሚጠምድ፣ ለሚካኤልና ለማርያም ደግሞ ቀንበሩን የሚያሳርፍ ሰው ያየ ይህን ለማመን አይቸገርም።

ገበሬ ሁሉ ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። ድንበር የገፋም አለ። ዘዳግም 27፥17 የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅለውን ርጉም ይለዋል። ቤተ ክርስቲያንም ለሙታን ፍትሐት የምታደርሰው ሰው ሁሉ ምሕረት ስለሚያስፈልገው ነው። ማሞገስ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ካህናቱን ምን አደከማቸው?

እንግዲህ 40 ወይም ሙት ዓመት ስታስቡ ከድንኳኑና ከበሬው በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ካህኑ «ክርስትና ስማቸው ማነው?» ሲሉ የልጅ ልጆች እርስ በርስ መተያየታቸው የተለመደ ሆኗል። በሕይወት ያሉትን አያቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁና ጽፋችሁ ያዙ። የሕይወት ታሪክ የምትጽፉም፣ ምን ያርሱ እንደነበርና መሬቱን በምን ያውቁት እንደነበር ከልጆቻቸው ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዲግሪው ዝርዝር አንድ ሁለቱ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ሟቹ በድንበር ተኳርፈው የተለዩት ጎረቤት ካለም ለተዝካሩ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ይሁን። የተገፋ መሬት ካለ በሽማግሌ ፊት ይመለስለት፣ ጠላው ከዚያ በኋላ ይጠመቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።