ፒፕ ምንድን ነው? የጠፈር መርከብ ጋሻ ጉልበት ከየት ይመጣል?

የእህቴ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ከአዘዞ መጥቶ እኔ ጋ ይሰነብታል። ኮምፒውተሩን ከከፈተ ኤሊት ዴንጀረስ ነው፣ ሌላ ጌም አያይም። በቀደም ከኋላው ቆሜ አየሁት። ሳይድዋይንደር የምትባለውን ትንሽ የጠፈር መርከብ ይዞ ከአንድ የጠፈር ወንበዴ ጋር ገጥሟል። ጣቱ ከመተኮሻው አይነሳም። በመርከቧ ምስል ዙሪያ ያሉት፣ የጋሻውን ጉልበት የሚያሳዩት ሰማያዊ ቀለበቶች አንድ በአንድ ጠፉ።

«አጎቴ፣ ይሄ ጋሻ አይረባም፤ ሌላ ልግዛ» አለኝ።

ጋሻው ምንም አልሆነም። ጉልበት ያጣ ጋሻ ነበር። አራት ፒፕ መሣሪያው ላይ፣ አንድ ሞተሩ ላይ፣ አንድ ብቻ ጋሻው ላይ አድርጎ ነው የተዋጋው።

ጋሻ ሲባል ብዙ ሰው እንደ ፋሲል ግቢ አጥር ያስበዋል። ያ አጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አንዴ በድንጋይና በኖራ ተገንብቷል፣ ማንም ሳይመግበው ቆሟል። የመርከብ ጋሻ እንዲህ አይደለም። በየሰከንዱ ኃይል ይበላል። ያንን ኃይል የምናካፍልበት መለኪያ ነው ፒፕ።

ኤሊት ዴንጀረስ በፈረንጆች 2014 የወጣ ጌም ነው። መርከቧ ውስጥ ኃይል አከፋፋይ አለ፤ ሦስት ቋቶችን ይሞላል። «ሲስ» የሚለው ለጋሻው፣ «ኤንጅ» ለሞተሩ፣ «ዌፕ» ለመሣሪያው ነው። ያለን ፒፕ በጠቅላላ ስድስት ነው። አንዱ ቋት ከአራት በላይ አይወስድም። ሲጀመር ሁለት ሁለት ሁለት ሆኖ ይመጣል። ለአንዱ ስንጨምር ከሌሎቹ ይቀነሳል፤ ሰባተኛ ፒፕ የለም።

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም። ሦስት ቤቶች ከአንድ መስመር ይቀዳሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው ግቢያቸው ውስጥ ሮቶ አላቸው። ቋቱ ሮቶው ነው። ፒፑ ቧንቧው ምን ያህል እንደተከፈተ ነው። አንዱ ቤት አብዝቶ ሲከፍት የጎረቤቱ ይቀጥናል። ጋሻው ሲመታ ራሱን የሚጠግነው ከሲስ ሮቶ እየቀዳ ነው። ሮቶው ከደረቀ ጥገናው ይጓተታል።

ፒፕ ግን ከሮቶ ምሳሌው ውጪ ሌላ ሥራ አለው፤ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሲስ ላይ ያለው ፒፕ ጋሻውን ያጠነክረዋል። አራት ፒፕ ከሰጠነው በጋሻው ላይ የሚያርፈው ጉዳት በ60 በመቶ ይቀንሳል። ማለትም 100 ይጎዳ የነበረ ምት 40 ብቻ ይጎዳል። ሁለት ፒፕ ላይ የሚቀንሰው ሲሶ ያህል ነው። ዜሮ ላይ ምቱ እንዳለ ያርፋል። ይህ ጥንካሬ ቋቱ ባዶ ቢሆንም ይሠራል። ያው ጋሻ፣ ያው መርከብ፣ ያው ጠላት ሆኖ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቀው በዚህ ነው።

ታዲያ አራቱን ሁልጊዜ ሲስ ላይ አንተውም? አይሆንም። ያኔ ሌዘሩ ጥቂት ተኩሶ ዝም ይላል፣ መርከቧም ትንቀራፈፋለች። ፒፕ ቦታውን መቀያየር አለበት። እኛ ከጠላት ጀርባ ሆነን ስንተኩስ ወደ ዌፕ፤ አፍንጫውን ወደኛ ሲያዞር፣ ከመተኮሱ በፊት፣ ወደ ሲስ። ኮምፒውተር ላይ በቀስት ቁልፎቹ ነው የሚሠራው። ግራው ሲስ፣ የላዩ ሞተር፣ ቀኙ መሣሪያ፣ የታቹ ሁሉንም ወደ እኩል ይመልሳል። ከእኩል ተነስተን ግራውን ሁለቴ ብንነካ አራት፣ አንድ፣ አንድ ይሆናል። ከአንድ ሰከንድ በላይ አይፈጅም።

ጋሻው ጨርሶ ከወደቀ ነገሩ ይለወጣል። የሲስ ፒፕ የመርከቧን አካል ከምት አይከላከልም። ስለዚህ አራቱን ለሞተሩ ሰጥቶ መሸሽ ነው። ቀሪዎቹ ሁለቱ ሲስ ላይ ይሁኑ፤ ጋሻው እንደገና እንዲነሳ ያ ቋት መሙላት አለበት። ሲነሳም በግማሽ ጉልበቱ ነው፤ ወዲያው ወደ ውጊያው መመለስ ዳግም መውደቅ ነው።

ልጁን በነጋታው ተኩስ ከልክዬ አስለመድኩት። ዓይኑ ጠላት ላይ፣ ጣቱ ቀስቶቹ ላይ። ወንበዴው ሲዞር ግራ ግራ፤ ሲያልፍ ቀኝ ቀኝ። መጀመሪያ ላይ እየዘገየ አንድ ቀለበት ይጠፋበት ነበር። ማታ ላይ ቁልፎቹን ሳያይ መንካት ጀመረ። ቀለበቶቹ ሳሱ እንጂ አልጠፉም።

«አሁን ልተኩስ?» አለኝ።

«ተኩስ» አልኩት።