የሃሪየት ፓወርስ ሥዕላዊ ኩዊልቶች

ሃሪየት ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በአቴንስ ከተማ አቅራቢያ በባርነት ተወለደች። ከነጻነት በኋላ ከባሏ ጋር በእርሻ ኖራ በ1910 አረፈች። ከእጅ ሥራዋ ዛሬ በሙዚየም የሚገኙት ሁለት ኩዊልቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም፣ ሌላው በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም።

ኩዊልት ከላይ ያጌጠ ጨርቅ፣ ከመሐል የጥጥ ባዘቶ፣ ከሥር ገበር ኖሮት ሦስቱ በስፌት የሚያያዙበት የአልጋ ልብስ ነው። ፓወርስ ሰውን፣ እንስሳትንና ከዋክብትን ከባለቀለም ጨርቅ በየቅርጻቸው እየቆረጠች፣ በእጅም በመኪናም በመደቡ ላይ ሰፍታቸዋለች።

በ1886 በአቴንስ የጥጥ ትርኢት የታየው የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት 11 ክፍሎች አሉት። በኤደን ገነቱ ክፍል እግር ያለው እንስሳ እባቡ ብቻ ነው። እባብ «በሆድህ ትሄዳለህ» የተባለው ሔዋንን ካሳተ በኋላ መሆኑን ላስታወሰ፣ ይህ በጥንቃቄ የታሰበ ይመስላል። ይሁዳ የተቀበለው ብር ከአረንጓዴ ጨርቅ ተቆርጧል፤ እግሩ ሥር ያለው ትልቅ ክብ ደግሞ ኮከብ ነው።

ይህን የምናውቀው ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት የሠሪዋን ማብራሪያ በጽሑፍ ስላስቀረችልን ነው። ስሚዝ በትርኢቱ ላይ ልትገዛው ብትጠይቅም ፓወርስ አልሸጥም አለች። ከዓመታት በኋላ ችግር ሲጸናባት ግን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልላ፣ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ይዛው መጣች። 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ሸጠችው፤ ከዚያም በኋላ ልታየው ደጋግማ ተመላልሳለች።

የቦስተኑ ኩዊልት 15 ክፍሎች ያሉት ሲሆን ከዮናስና ከኢዮብ ታሪክ ጎን የሰማይ ክስተቶችን ይዟል። በ1780 ቀኑ የጨለመበት ዕለት አለ፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1833 ሌሊት ኮከቦች እንደ ዝናብ የወረዱበትም አለ። ሁለቱም እሷ ሳትወለድ የሆኑ፣ በአፍ ሲነገሩ የሰማቻቸው ናቸው። ሕዝቡ የዓለም ፍጻሜ መጣ ብሎ እንደ ደነገጠ፣ ኮከቦቹንም የእግዚአብሔር እጅ እንዳቆማቸው ተናግራለች። ከጆርጂያ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል የሮጠች ቤትስ የምትባል አሳማም የራሷን ቦታ አግኝታለች። ለፓወርስ የቅዱስ መጽሐፉ ተአምርና የአገሯ ወሬ በአንድ ጨርቅ ላይ የሚቀመጡ፣ እኩል የሚታመኑ ነገሮች ነበሩ።

የድሮ ኩዊልቶችን ምልክት መፍታት ብዙ ጊዜ ግምት ይበዛበታል። ከባርነት ለሚያመልጡ ሰዎች መንገድ የሚጠቁሙ ምስጢራዊ ንድፎች ነበሩ የሚለው ዝነኛ ትረካ እንኳ፣ የታሪክ ምሁራን እንደሚሉት፣ በዘመኑ ማስረጃ አልተደገፈም። የፓወርስ ሥራ ትልቅ ዋጋ ያለው፣ ትርጉሙ ከራሷ አንደበት ስለተገኘ ነው። የአቆራረጥና የአሰፋፍ ስልቷን በምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ቤኒን፣ የዳሆሜ ቤተ መንግሥት ባለሙያዎች ይሠሩት ከነበረው ሥዕላዊ ጨርቅ ጋር የሚያዛምዱ ተመራማሪዎች አሉ። መመሳሰሉ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ሙያው በማን እጅ እንደ ደረሳት ግን ፓወርስ ለስሚዝ በሰጠችው ማብራሪያ ውስጥ አልተነሣም።