መዋቢያና ጥንቸል፦ የኮስሞቲክስ የእንስሳት ሙከራና እሱን የተኩት ዘዴዎች

ሻምፑ፣ ክሬም ወይም የፀጉር ቀለም ሱቅ ከመግባቱ በፊት ዓይንና ቆዳ እንደማይጎዳ መረጋገጥ አለበት። ለብዙ ዓመታት ይህ የሚረጋገጠው በአብዛኛው በጥንቸል ላይ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መነሻው የሰው ጉዳት ነው። በ1933 አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍትና የቅንድብ ማቅለሚያ የሴቶችን ዓይን አጠፋ። የሞተችም ነበረች። ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1938 ነው። በ1944 ደግሞ በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይሠራ የነበረው ጆን ድሬዝ ከባልደረቦቹ ጋር በስሙ የሚጠራውን ሙከራ አሳተመ። የሚሞከረው ነገር ጥቂት ጠብታ የነጭ ጥንቸል ዓይን ውስጥ ይደረጋል። ከዚያ መቅላቱ፣ ማበጡና መደፍረሱ ለቀናት እየታየ ነጥብ ይሰጠዋል። ጥንቸል የተመረጠችው ዓይኗ ትልቅ፣ እንባዋ ጥቂት ስለሆነና ለመያዝም ስለማታስቸግር ነው። ግን የእሷ ዓይን የኛ አይደለም። ሦስተኛ የዓይን ሽፋን አላት፤ የኮርኒያዋ (የዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ውፍረትም ከሰው ይለያል። ነጥቡም እንደ ተመልካቹ ይለያያል።

በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች ለእንስሳት ሙከራ መተካት፣ መቀነስና ማሻሻል የሚሉትን ሦስት መርሆዎች አቀረቡ። ሕዝቡ የተነቃነቀው ግን በ1980 ነው። መምህሩ ሄንሪ ስፓይራ በኒው ዮርክ ታይምስ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ ሬቭሎን የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ለውበት ሲል ስንት ጥንቸል እንደሚያሳውር ጠየቀ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ተተኪ ዘዴ እንዲፈለግ ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ 750,000 ዶላር ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተተኪ ዘዴዎች ማዕከል ተከፈተ። የገንዘቡ ምንጭ ራሱ የኮስሞቲክስ ኢንዱስትሪው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የላብራቶሪ ሥራ በእውነት ያኮራል። አንዱ ዘዴ ከቄራ የሚመጣ የከብት ዓይን ነው። ለሥጋ ከታረደ ከብት ኮርኒያው ይወሰድና ምርቱ ይፈስበታል። ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍና ምን ያህል ቀለም እንደሚያሾልክ ይለካል። የዶሮ ዓይንም እንዲሁ ያገለግላል። ሁለቱንም የአገራት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) በ2009 ተቀበላቸው። ሌላው ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድግ የሰው ቆዳ ነው። በቀዶ ጥገና ከተረፈ ቆዳ ሴሎች ይወሰዱና ታችኛው ወገን ምግብ፣ ላይኛው አየር እያገኘ እንደ እውነተኛ ቆዳ ይደራረባሉ። ምርቱ ከተቀባ በኋላ አንድ ቢጫ ኬሚካል ይጨመራል፤ በሕይወት ያለ ሴል ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። በሕይወት ያለው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምርቱ ቆዳ ያስቆጣል ማለት ነው። አለርጂን ለመለየትም እንስሳ የማይነኩ የኬሚካልና የሴል ሙከራዎች አሉ።

የአውሮፓ ኅብረት የተጠናቀቀ ምርትን በእንስሳት መሞከርን በ2004፣ ግብዓቶቹን በ2009 ከለከለ። ማርች 11 ቀን 2013 ደግሞ በእንስሳት የተሞከረ ኮስሞቲክስ መሸጥን አገደ። ያን ጊዜ ለካንሰር፣ ለመራቢያ አካላትና ለረጅም ጊዜ መመረዝ የተሟላ ምትክ አልነበረም፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተገኘም። ኅብረቱ ግን ሳይንሱን ከመጠበቅ ሕጉን አስቀደመ፤ ልክም ነበር እላለሁ። ክርክሩ ግን አላለቀም። ኮስሞቲክስ ውስጥ ብቻ የሚገባ ኬሚካል በኅብረቱ የኬሚካል ደህንነት ሕግ ምክንያት በእንስሳ እንዲሞከር ሊታዘዝ ይችላል። ሲምራይዝ የተባለ የጀርመን ኩባንያ በሁለት የፀሐይ መከላከያ ግብዓቶች ጉዳይ ተከራክሮ በ2023 ተረታ።

እስራኤል የሽያጭ እገዳዋን በዚያው በ2013 አደረገች። ሕንድ በ2014 ከውጭ ማስገባትን አገደች፤ ካሊፎርኒያም ከ2020 ጀምሮ ሽያጩን ከለከለች። ቻይና ከውጭ ለሚገቡ ተራ ኮስሞቲክስ የእንስሳት ሙከራ ግዴታዋን በ2021 በቅድመ ሁኔታ አነሳች።

ጠርሙስ ላይ የሚታየው የጥንቸል ሥዕል ሁልጊዜ አንድ ነገር ማለት አይደለም። «በእንስሳት ያልተሞከረ» የሚለው ቃል በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ትርጉም አልተሰጠውም። አንዳንድ ድርጅት የግብዓት አቅራቢዎቹን ሰነድ አስፈትሾ ነው ምልክቱን የሚያገኘው። ሌላው የራሱን ጥንቸል ስሎ ሊለጥፍ ይችላል። ስለዚህ ከሥዕሉ ይልቅ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነ ማየት ይሻላል።